ማፑ አልከፈት ሲል መጀመሪያ ፍላሹን ጠርጥሩ

ይህ ዋርክራፍት 3 የሚባለውን የኮምፒውተር ጦርነት ጌም ለምትጫወቱና ለጌም ቤት ባለቤቶች ነው። በተለይ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ላላችሁት። እናንተ ጋ ማፕ (ጌሙ የሚካሄድበት የጦር ሜዳ ፋይል) በኢንተርኔት ሳይሆን በፍላሽ ነው የሚመጣው። አንድ ልጅ መሀል ከተማ ወርዶ ኮፒ ያደርጋል፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ከእሱ ኮፒ ያደርጋል። የማውራላችሁ ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይነሳል።

ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው፣ ተጨማሪው ክፍል ፍሮዝን ትሮን ደግሞ በ2003። አርጅቷል። ግን ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል፣ ማፕ መሥሪያው ወርልድ ኤዲተርም አብሮት ይመጣል። ለዚህ ነው የደራሲው ቶልኪንን የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ዓለም የወደደ ሁሉ ምሽጉን ሄልምስ ዲፕን፣ ከተማዋን ሚናስ ቲሪትን፣ መላውን ሚድል ኧርዝ ሳይቀር እየሠራ የለቀቀው። የሠሩት አድናቂዎች ናቸው፣ በነፃ። ማፑ እምቢ ሲል ሠሪውን ከመሳደባችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ኬብል ተሰክቷል ወይ፣ ማፑ ማፕስ ፎልደር ውስጥ ገብቷል ወይ እያልኩ አልጠይቅም። ከ1.28 ወዲህ ያለው ቨርዥን ማፕ የሚፈልገው ዶክመንትስ ውስጥ ባለው የዋርክራፍት ፎልደር መሆኑን ብቻ ልብ በሉ። እዚህ የማወራው ግን በብዛት ጌም ቤቶች ውስጥ ስለማየው 1.26 ነው።

ሆስት ያደረገው (ጌሙን ለሌሎች የከፈተው) ልጅ ጌም ለሌሎቹ አይታይም

ቨርዥን አስተያዩ። አንዱ 1.26 ሌላው 1.27 ከሆነ አይተያዩም፣ አለቀ። ቨርዥኑ አንድ ሆኖ ካልታየ የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፤ ዩዲፒ ፖርት 6112ን ክፈቱለት። ኮምፒውተሩ ላይ ቪፒኤን ወይም ቨርቹዋል ቦክስ ከተጫነ ደግሞ ጌሙ ጥሪውን በተሳሳተው ኔትወርክ ይልከዋልና የማትጠቀሙበትን አጥፉት።

ማፑ ብቻዬን ስጫወት አለ፣ ላን ላይ (ማሽኖቹ ተያይዘው ስንጫወት) የለም

ክብደቱ ነው። ድሮ ለብዙ ተጫዋች የሚፈቀደው የማፕ መጠን 4 ሜጋባይት ነበር፣ በ1.24 ወደ 8 ከፍ አለ፣ በኋላ የመጡት ቨርዥኖች 128 አደረሱት። ሚናስ ቲሪት በሙዚቃና በልዩ ሞዴል ታጭቆ 40 ሜጋባይት ሆኖ ከመጣ 1.26 ላን ላይ አያሳያችሁም። መፍትሄው ወይ ቀላሉን እትም መፈለግ ነው፣ ወይ ሁሉንም ማሽን ማሳደግ። ሁሉንም ነው ያልኩት። ግማሹን አሳድጋችሁ ግማሹን ከተዋችሁ ከላይ ወዳለው ችግር ትመለሳላችሁ።

ማፑ ጭራሽ የትም አይታይም

የፋይሉን ስም እዩ። «የሄልም ጦርነት አሪፉ» ብሎ በአማርኛ የሰየመ ልጅ አይጠፋም። የዚያ ዘመን ጌሞች ግዕዝ ፊደል ያለበት ስም ላይ ይደናቀፋሉ፤ በላቲን ፊደል አሳጥራችሁ ሰይሙት። የዊንዶውሱ ተጠቃሚ ስም በአማርኛ ከሆነና ፎልደሩ በዚያ ስም ከተፈጠረም ያው ነው። ሌላው፣ ማፑ ለ24 ተጫዋች ከተሠራ 1.29 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሉአ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከተጻፈ 1.31። 1.26 ላይ ብትለምኑትም አይሆንም።

ስሙም ምስሉም ይታያል፣ ጀምር ሲባል ግን መሀል መንገድ ላይ ይወድቃል

ደረስን። ጌም ቤት በተጠራሁ ቁጥር የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ማፑ ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ትንሿ ምስል ትታያለች፣ መጫኛው መስመር ግማሽ ይደርሳል። ከዚያ ወይ ወደ ሜኑ ይመልሳል፣ ወይ የስህተት መልእክት አውጥቶ ዴስክቶፕ ላይ ይጥላችኋል። አንዳንዴ ይገባል፣ ግን ኦርኮቹ ግንቡ ሥር ሳይደርሱ ቀጥ ይላል። ባለቤቱ የሚሉት ደግሞ ሁሌ አንድ ነው፤ «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!»

ልክ ናቸው። ትናንት ይሠራ ነበር።

ምክንያቱ ፎርጅድ ፍላሽ ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎበታል፣ ኮምፒውተሩም 64 ይላል፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ግን 8 ጊጋ ነው። ሻጮቹ የፍላሹን መቆጣጠሪያ ውሸት አስተምረውታል። 10 ኩንታል በሚይዝ ጎተራ 80 ኩንታል ጤፍ ተረከብኩ ብሎ ደብተር ላይ እንደሚፈርም ጎተራ ጠባቂ ማለት ነው። ደብተሩ ሙሉ ነው፣ ጤፉ ግን የለም።

የፋይሎቹ ስም፣ መጠንና ቀን የሚመዘገበው ፍላሹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። እሱ እውነተኛው ቺፕ ላይ ስለሚያርፍ ስማቸው ሁሌም ይታያል። ይዘቱ ግን ከ8 ጊጋው ካለፈ ወይ የትም ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይ ዞሮ መጥቶ ቀድሞ የነበረውን ይደመስሳል። ለዚህ ነው ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ የሚለው፤ ማታ ላይ አንዱ ፊልም ጫነበት፣ ፊልሙ ማፑን በላው። ዊንዶውስ ደግሞ ኮፒው አልቋል ብሎ አንድም ቅሬታ አያሰማም። ይባስ ብሎ ኮፒ ባደረጋችሁበት ማሽን ላይ ወዲያው ብትከፍቱት ከሜሞሪ ስለሚያነበው ይሠራል። ሰውየው በዓይኑ አይቶ፣ ተማምኖ፣ በታክሲ ሰፈሩ ይደርሳል። እዚያ ሲሰካው ባዶ ቅርፊት ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት እናት ለልጃቸው ጌም ቤት ከፍተውለታል። ልጁ ማፑ እምቢ ሲለው ጌሙን አጥፍቶ ጫነ። ያው ሆነ። ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጎ እንደገና ጫነ። ያው ሆነ። ከዚያ የቀሩትን ማሽኖች በሙሉ ፎርማት አደረጋቸው። ስደርስ እናትየው «ልጄ፣ ኮምፒውተሮቹን መብራት ነው የመታቸው መሰለኝ» አሉኝ። ፍላሹን አየሁት። 2 ቴራ የሚል ተጽፎበታል። ከምሳ በረከሰ ዋጋ 2 ቴራ! ማሽኖቹ ጤነኛ ነበሩ፤ የደንበኞች ሴቭና የልጁ የትምህርት ቤት ፋይሎች ግን ድራሻቸው ጠፍቷል።

ለገጣፎ አካባቢ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። ልጁ ኦርጅናል 64 ጊጋ ገዝቶ ነበር። ዊንዶውስ 59 ምናምን ሲለው «አጭበረበሩኝ» ብሎ መለሰውና ሙሉ 64 የሚያሳይ ይዞ መጣ። ስሙኝ፦ ፋብሪካው አንዱን ጊጋ 1 ቢሊዮን ባይት አድርጎ ነው የሚቆጥረው፣ ዊንዶውስ ግን በ1,073,741,824 ነው። ስለዚህ እውነተኛው 64 ጊጋ 59.6 ገደማ ሆኖ ይታያል፣ 32ቱም 29.8 ገደማ። ቁጥሩ ድፍን ብሎ ከታየ ደስ አይበላችሁ፣ ጠርጥሩ። ይህ ሲባል ግን 59 ያሳየ ሁሉ ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም። አጭበርባሪዎቹም ይህን ያውቃሉ።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

ፈጣኑ መንገድ፦ ማፑን በኖትፓድ ክፈቱት። የተመሰቃቀለ ምልክት ይሞላል፣ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ ያሉትን ፊደሎች ብቻ እዩ። በ1.26 ዘመን የተሠራ ጤነኛ ማፕ የሚጀምረው በኤች፣ ኤም፣ 3፣ ደብሊው (HM3W) ነው። በፒ እና ኬ ከጀመረ ዚፕ ነው፤ አንዱ ሳይፈታው የፋይሉን ስም መጨረሻ ብቻ ቀይሮላችኋል። የኢንተርኔት ገጽ ኮድ ከሆነ የወረደው ማፑ ሳይሆን የማውረጃው ገጽ ነው። ባዶ ከሆነ ወይም የሌላ ፋይል ጭራ ከመሰለ ፍላሹ በልቶታል።

አናቱ ደህና ሆኖ ሆዱ ብቻ የተበላም አለ። ይሄኛው ነው መሀል መንገድ ላይ የሚወድቀው። መጠኑን ማስተያየት አይበቃም፣ መጠኑ ሁሌ ልክ ነው የሚለው። ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ሰርትዩቲል (certutil) የሚባል ትእዛዝ አለ። ሃሽፋይል (-hashfile) ብላችሁ የፋይሉን ስምና ሻ256 (SHA256) ስትጨምሩበት ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ይሰጣችኋል። ማፑ የመጣበት ማሽን ላይም እናንተ ጋም አስሠሩት። አንዲት ፊደል ከተለየች ማፑ አንድ አይደለም፤ ክርክር የለም።

ፍላሹን ራሱን ለመፈተን ኤች2 ቴስት ደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፍላሹን ጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላዋል፣ ከዚያ መልሶ ያነበዋል። እውነተኛው መጠን ስንት እንደሆነ ፊት ለፊት ይነግራችኋል። ለትልቅ ፍላሽ ሰዓታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ላይ አድርጉት፤ የሰፈራችሁን መብራት ታውቁታላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ፍላሹ ላይ ያለውን አውጥታችሁ ባዶ አድርጉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍላሹን ሳትፈትሹ ኮምፒውተር ፎርማት አታድርጉ። ማስጠንቀቂያ፦ ከተጠረጠረ ፍላሽ ላይ ያለውን ማፕ በደህናው ማፕ ላይ ደርባችሁ ኮፒ አታድርጉ፤ «ሪፕሌስ» ሲል እሺ እያላችሁ ጤነኛውን በገዛ እጃችሁ የምትገድሉት እናንተ ናችሁ። ማስጠንቀቂያ፦ ፎርጅድ ፍላሽ በፎርማት አይድንም። ከፎርማት በኋላም 64 ይላል፣ ያው ውሸታም ነው። ሌላም አለ፤ መመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ የሰርግ ፎቶ፣ የቢሮ ሰነድ እንዲህ ያለ ነገር ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ስለ ማፕ ማውራታችንን እዚህ ላይ አቁመን አሁኑኑ ሂዱና አውጡት።

መፍትሄው

ፍላሹን ጣሉት። እውነተኛው 8 ጊጋ ብቻ እንዲታይ በፓርቲሽን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፣ ይሠራልም፣ ግን እንዲህ ያሉት ውስጥ የሚገባው ቺፕ ራሱ ብዙ ጊዜ ውዳቂ ስለሆነ እኔ አልመክርም። ሲገዙ ትንሽ መጠን ያለው፣ ሲበላሽ የሚመልስ ሻጭ ያለው ይሻላል። ለማፕ 64 ጊጋ ምን ያደርጋል? በ1.26 ከ8 ሜጋ የማይበልጥ ነገር ነው የምትሸከሙት። 4 ጊጋ ላይ አምስት መቶ ገደማ ማፕ ይገባል።

ቀጥሎ፣ ማፕ ራቁቱን አታዙሩ። በሰቨን ዚፕ ጠቅልላችሁ ዚፕ አድርጉት። ዚፕ ውስጥ የእያንዳንዱ ፋይል መፈተሻ ቁጥር አብሮ ይቀመጣል፣ ስለዚህ የተበላሸ ከሆነ ገና ስትፈቱት ሲአርሲ ኤረር ብሎ ይጮኻል። ጌሙ ግማሽ ላይ ወድቆ ስድስት ልጅ ከሚጮህባችሁ ዚፑ ቢጮህ ይሻላል። ቴሌግራም ላይም ስትልኩ እንዲሁ አድርጉ።

ደግሞ አንድ ነገር አይገባኝም። ማሽኖቹ በስዊች ተያይዘዋል፣ ላን እየተጫወቱበት ነው፣ ማፑን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በፍላሽ ያዞራሉ! ለምን? አንድ ማሽን ላይ አንድ ፎልደር ሼር አድርጉ፣ ማፑን አንዴ በትክክል አስገቡበት፣ የቀሩት በኬብሉ ይውሰዱ። ፎልደሩን ለማንበብ ብቻ ክፍት አድርጉት፤ አለዚያ አንዱ ጎበዝ ይሰርዘዋል።

ፍላሹ ላይ ማፖቹ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቫይረስ ነው። አትጫኑት። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ መጀመሪያ ቫይረሱን አጽዱ፣ ከዚያ በአትሪብ (attrib) ትእዛዝ ድብቁን አንሱላቸው። እያንዳንዱን ማሽን ካላጸዳችሁ ነገ ያው ነው።

የቀሩት

በጣም የቆዩ ማፖች፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 በፊት የተሠሩት፣ ተጭነው ጀግናው ዕቃውን ወይም ክህሎቱን ከረሳ ፍላሹን አትውቀሱ። 1.24 ብዙ ሠሪዎች ይጠቀሙባት የነበረችን ቀዳዳ ዘግቷል፤ የታደሰውን እትም ፈልጉ።

በወርልድ ኤዲተር ራሳችሁ ማፕ ሠርታችሁ አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ከሆነ የጌሙ ፎንት ግዕዝ የለውም። ጌሙ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚል ፎልደር ፈጥራችሁ የግዕዝ ፎንቱን ኒያላን በጌሙ ፎንት ስም አስቀምጡ፣ የዊንዶውስ ሬጂስትሪ ላይ አላው ሎካል ፋይልስን (Allow Local Files) 1 አድርጉ። እያንዳንዱ ማሽን ላይ መደረግ አለበት። ስሞችን አሳጥሩ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ «ጀግናው አርበኛ የምሽጉ ጌታ» ብላችሁ ስም ብታወጡ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

«ሄልምስ ዲፕ ላይ ንጋት ላይ ከጋንዳልፍ ጋር የሚመጣው ኤዮመር መሆን ሲገባው ሌላ ሰው መጣ፣ ማፑ ተበላሽቷል» ብሎ የጠራኝም አለ። አልተበላሸም። ኤዮመር የሚመጣው ፊልሙ ላይ ነው። መጽሐፉ ላይ ጋንዳልፍ የሚደርሰው ከኤርከንብራንድና ከሺህ እግረኛ ጋር ነው፣ ኤዮመር ቀድሞውንም ምሽጉ ውስጥ ሆኖ ሲዋጋ ነው ያደረው። ሠሪው መጽሐፉን አንብቧል ማለት ነው። ለዚህ ቤት ድረስ አታስመጡኝ።