ቀለበቷ ሉፕ አይደለችም፦ ፔሳሪ ያስገቡ እናቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ከሰንዳፋ በኩል አንዲት እናት መጡ። ስልሳን ተሻግረዋል። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ በቀስታ፣ "ሲስተር፣ ይሸተኛል፤ ከሰው መቀመጥ አፈርኩ" አሉኝ። ስመረምራቸው የወረደ ማህፀን የሚደግፍ ቀለበት፣ ፔሳሪ፣ አለ። ከገባላቸው 4 ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልወጣም፣ አልታጠበም። ብልታቸው ቆስሎ ሥጋው የቀለበቱን ጠርዝ መሸፈን ጀምሯል። በብዙ ትግል አወጣነው። "እማማ፣ ለምን አልተመለሱም?" ስላቸው፣ "ተሽሎኝ ነዋ ልጄ! ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?" አሉ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ከከተማው ዳር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ፔሳሪ ማህፀን ወይም ፊኛ ወደ ታች ሲወርድ ደግፎ የሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሲሊኮን የሚሠራ ዕቃ ነው። በብዛት የምንጠቀመው ክብ ስለሆነ እናቶች "ቀለበቷ" ይሏታል። የጎማ አምባር ትመስላለች። ለሁለት ታጥፋ ትገባለች፣ ውስጥ ስትደርስ ትዘረጋለች። ቀዶ ጥገና ለማይፈልጉ፣ ለማይችሉ ወይም ወረፋ ለሚጠብቁ ትልቅ እፎይታ ናት።

ትልቁ ስህተት እንደ ሉፕ ማየት ነው። ሉፕ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ ማህፀን ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። ሰው ሁለቱንም "የሚገባ ነገር" ብሎ ስለሚሰማ አንድ ይመስሉታል። አንድ አይደሉም! ቀለበቷ ያለችው ከማህፀን በታች፣ ብልት ውስጥ ነው። ከዚያ ሆና ወደ ላይ ትደግፋለች። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስትጫን ሥጋው ደም ያጥረዋል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል። ዝም ከተባለ ቁስሉ ወደ ፊኛ ወይም ወደ ፊንጢጣ ሊበሳ ይችላል። ያ ማለት ፊስቱላ ነው። ማህፀኗ ወጥቶ የተቸገረች ሴት ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ ሲጨመርባት አስቡት። ይህ ሁሉ የሚመጣው ደግሞ በቀጠሮ በመጥፋት ነው!

ካስገባሽ ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላ ተመልሰሽ ታዪ። ከዚያ በየ3 ወሩ፣ ሐኪምሽ ከፈቀደ እስከ 6 ወር። እኔ ቀን ከምነግራቸው በዓል እነግራቸዋለሁ። ለመስቀል የታየች ለገና፣ ለገና የታየች ለፋሲካ። ካርድ ይጠፋል፣ በዓል አይረሳም። ጥፋቱ የእናቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የቀጠሮ ወረቀት ሰጥቼ ብቻ የሸኘኋቸው አሉ። ለምን እንደሚመለሱ አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሳይሞክሩ ወደ ቤት መሄድም አለ። ቀለበቷ እንደ ጫማ ቁጥር አላት። ከጠበበች ትወድቃለች፣ ከሰፋች ሽንት ትዘጋለች። በጠርዟና በሥጋው መካከል ጣት ማለፍ አለበት። ከክሊኒኩ ሳትወጪ ተራመጂ፣ ሳል አድርጊ፣ ቁጢጥ በይ፣ ሽንት ቤት ገብተሽ ሽኚ። በልኳ ከገባች መኖሯም አይታወቅሽም። የመጀመሪያዋ ቁጥር እምቢ ካለች ተስፋ አትቁረጪ፣ ሌላ እንሞክራለን። ሽንት ሲያመልጣት ያልኖረች ሴት ደግሞ ቀለበቷ ከገባች በኋላ ስትስል ሊያመልጣት ይችላል። ታጥፎ የነበረው የሽንት መስመር ስለተቃና ነው። አፍረሽ አትደብቂው፣ ንገሪን።

ቀለበቷን በበረኪና ማጠብ፦ በፍጹም። ሎሚም፣ አልኮልም አይሆንም። ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል።

የእህቷን ቀለበት አጥባ ያስገባች አጋጥማኛለች። አይደረግም።

"አሁንማ ድኛለሁ" ብሎ ወደ ጀሪካን መመለስም ሌላው ነው። ቀለበቷ ትደግፋለች እንጂ አታድንም። ስትወጣ ማህፀኑ ተመልሶ ይወርዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን "አትሸከሙ" ማለት "አትብሉ" እንደ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ሸክሙን ከፋፍሉት፣ ጀሪካኑን በግማሽ ቅዱ። ሆድ ድርቀትም እንደ ሸክም ነው። ተልባ፣ ጎመን፣ ብዙ ውሃ ይረዳል። አንዷ በድርቀት ስታምጥ ቀለበቷ ጉድጓድ ሽንት ቤት ገብታባት እያለቀሰች መጥታለች። ቁጢጥ ስትዪ በጣትሽ ደገፍ አድርጊያት።

ስለ ባል ማንም አይጠይቀኝም፣ እኔው እናገራለሁ። ክብ ቀለበቷ እያለች ግንኙነት ማድረግ ይቻላል። ግንድ ያላትና እንደ ዳይስ አራት ማዕዘን የሆነችው ግን መውጣት አለባቸው። ሁሉም እርግዝና አይከላከሉም።

የወር አበባ ለቆማቸው እናቶች የኢስትሮጅን ቅባት ከታዘዘ "አያመኝም" ብለው አይተዉት። በዚህ ዕድሜ ሥጋው ስለሚሳሳ ቶሎ ይቆስላል።

ጥቂት ነጣ ያለ ፈሳሽ ያለ ነው። መጥፎ ሽታ፣ ደም፣ ሕመም፣ የማያቋርጥ ሽንት፣ ወይም ሽንት እምቢ ማለት ካለ ግን በዓሉን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ነይ።

ሐኪም ቤት መምጣቱን ፈርተው ጨርቅ የሚወትፉም አሉ። ጥንት የግሪክ ሐኪሞች ግማሽ ሮማን ያስገቡ ነበር፤ የሲሊኮን ቀለበት አልነበራቸውም። እኛ አለን። ጨርቅ ይመረቅዛል።

የሰንዳፋዋ እናት ቁስላቸው እስኪድን ያለ ቀለበት ናቸው። ቅባት ጀምረዋል። ከ3 ሳምንት በኋላ ከልጃቸው ጋር ይመጣሉ፤ ቁስሉ ከዳነ እንደ አዲስ ለክተን እናስገባላቸዋለን። ልጃቸው እንዴት እንደሚወጣና እንደሚታጠብ አብራ ትማራለች።