ሁለት እጩ፣ አንድ ደብተር፦ የፕሬዚዳንታዊ ተፎካካሪዎችን አቋም እንዴት እናወዳድር?

ደሴ ላይ የመስቀል በዓል ሲያልፍ በየጽሕፈት ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር። እኔም ፒያሳ አካባቢ ባለችኝ ጠባብ ቤት ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሬ ፎቶ አነሳ፣ ቅጽ እሞላ ነበር። በየአራት ዓመቱ ደግሞ የዲቪው ወቅትና የአሜሪካ ምርጫ ይገጣጠሙ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ምዝገባው መስከረም 22 ተከፍቶ ጥቅምት 28 ተዘጋ፤ አሜሪካውያን ድምፅ የሰጡት ጥቅምት 26 ነበር። ስለዚህ አገጩን ትንሽ ቀና እንዲያደርግ የምነግረው ሰው ሁሉ ፎቶው ሳይነሳ «ለመሆኑ ለእኛ የሚሻለው የትኛው ነው?» ይለኝ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ቸኩዬ መልስ ሰጥቼ ሰው የጎዳሁበት ጊዜ አለ። ጥቅምት 2009 ነበር፤ ትራምፕና ሂላሪ ክሊንተን የተፋጠጡበት ምርጫ። አንዲት እናት ከሐይቅ መጥተው ለልጃቸው ዲቪ ሊያስሞሉ ተቀመጡ። እኔም ፌስቡክ ላይ ያየሁትን ይዤ «እማማ፣ ሰውየው ካሸነፈ ዲቪ በማግስቱ ይቀራል፤ ገንዘብዎን አያባክኑ» አልኳቸው። ልጁ ሳይሞላ ቀረ። ሰውየው አሸነፈ፤ ዲቪው ግን በተከታዩ ዓመትም እንደወትሮው ተከፈተ። እማማ ሲያገኙኝ «ዕድሉ አልነበረ ይሆናል» ብለው አለፉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። እዚህ የምጽፈው ያንን ደብተር እንዴት እንደምሞላው ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከትራምፕና ከካማላ ሃሪስ ፉክክር የተወሰዱ ናቸው፤ አሠራሩ ግን ለየትኛውም ምርጫ ያገለግላል።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡ

«የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ለማን? በምን ጉዳይ? ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስት ልጅና ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከአንድ እጩ የሚጠብቁት የተለያየ ነው። ስለዚህ ኑሯችሁን የሚነኩ አራት ወይም አምስት ጉዳዮችን ብቻ ምረጡ። ከአምስት ካለፈ ደብተሩ ሳይሞላ ይቀራል፤ ከልምዴ ነው የምናገረው። የእኔ ዝርዝር ዲቪና ስደት፣ ንግድና ቀረጥ፣ የህዳሴው ግድብ፣ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን የሚከፍሉት ግብር ነበር። ውርጃና የጦር መሣሪያ በአሜሪካ ክርክር ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዙ ጉዳዮች ናቸው፤ እዚያ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ዝርዝር ውስጥ የግድ ይገባሉ፤ የእኔ ዝርዝር ውስጥ ግን አልገቡም።

ሠንጠረዡን አስምሩ

ደብተሩን አግድም አዙሩና ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ ጉዳዩ፣ የመጀመሪያው እጩ ቃል፣ የሁለተኛው እጩ ቃል፣ የተናገሩበት ቀንና ቦታ፣ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ያደረጉት። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሞልቶ ያቆማል። ቁም ነገሩ ግን ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ውስጥ ነው።

ቃሉን ከአፋቸው ውሰዱ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ መነሻው የፓርቲው የምርጫ አቋም ሰነድ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2024 የሪፐብሊካኑ ሰነድ በጣም አጭር፣ በ20 ቃል ኪዳኖች የተቀነበበ ነበር። የዴሞክራቶቹ ወደ 90 ገጽ ይጠጋል፤ የሚገርመው ግን ብዙ ቦታ ላይ የሚናገረው ስለ ባይደን ሁለተኛ የሥልጣን ዘመን ነው። ባይደን ጁላይ 21 ከውድድሩ ወጥተው ሃሪስ ሲተኳቸው ሰነዱ አስቀድሞ ተረቅቆ ነበር፤ እንደዚያው ጸደቀ። ስለዚህ የሃሪስን አቋም ከዚያ ብቻ የቀዳ ሰው የሌላ ሰው አቋም ነው የጻፈው። እሳቸው በሴፕቴምበር ለብቻው ያወጡት 82 ገጽ የኢኮኖሚ ዕቅድ ነበረ፤ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ቀጥሎ ክርክሩን ሙሉውን ተመልከቱ። ሁለቱ የተገናኙበት ብቸኛ ክርክር በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 2017 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው የተላለፈው። የእንቁጣጣሽ ሌሊት! በማግስቱ ከተማው ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ስደተኞች የሰው ውሻ ይበላሉ የተባለው። አጭሩ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘል ዋለ። እኔ ግን የጻፍኩት ሌላ ነው። ሃሪስ «አሜሪካውያን ከአራት ዓመት በፊት ከነበሩበት የተሻለ ሁኔታ ላይ ናቸው ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ስለ አስተዳደጋቸውና ስለ ዕቅዳቸው ተናገሩ እንጂ አዎ ወይም አይደለም አላሉም። ትራምፕ ደግሞ ኦባማኬር የሚባለውን የጤና መድኅን ሕግ በምን እንደሚተኩት ሲጠየቁ «የዕቅድ ሐሳቦች አሉኝ» አሉ። ሁለቱም ቦታ ላይ «አልመለሱም» ብዬ ጻፍኩ። መሸሽም ይመዘገባል።

አቋም የሚባለው ምን እንደሆነ ለመለየት አንድ መፈተኛ አለኝ፦ የዚህን ተቃራኒ የሚል እጩ ሊኖር ይችላል ወይ? «ኢኮኖሚውን አሳድጋለሁ» የሚለው አይሞላም፤ ኢኮኖሚውን አቆረቁዛለሁ የሚል እጩ የለምና። «ከውጭ በሚገባ ዕቃ ሁሉ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ በቻይና ዕቃ ላይ 60 በመቶ ቀረጥ እጥላለሁ» የሚለው የትራምፕ ቃል ግን አቋም ነው። «ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው ለቅድሚያ ክፍያ እስከ 25,000 ዶላር ድጋፍ» የሚለው የሃሪስ ቃልም አቋም ነው። በኩባንያዎች ግብር ላይማ ልዩነቱ ቁልጭ ያለ ነበር፤ 21 በመቶ የነበረውን ሃሪስ ወደ 28 ከፍ አደርጋለሁ ሲሉ፣ ትራምፕ አሜሪካ ውስጥ ለሚያመርቱ ወደ 15 ዝቅ አደርጋለሁ አሉ።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ። ትራምፕ በጁን፣ ሃሪስ በኦገስት፣ ሁለቱም ላስ ቬጋስ ላይ ቆመው «በጉርሻ ላይ ግብር አይከፈልም» አሉ። ምግብ ቤትና መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ላለው ሰው ትልቅ ወሬ ነው፤ ለማወዳደር ግን አይጠቅምም። በመስመሩ ላይ «እኩል» ብላችሁ እለፉ።

ቢላዋው በማን እጅ ነው?

እኔን የጣለኝ ይህን አለመጠየቄ ነው። እጩ የፈለገውን ቃል ሊገባ ይችላል፤ ሥጋውን የሚቆርጠው ግን ቢላዋውን የያዘ ነው።

ዲቪን ውሰዱ። ዲቪ የቆመው የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ኮንግረስ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ላይ ነው፤ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ የተመደበውም በሕጉ ነው። ሕግ ስለሆነ ጨርሶ ለመሰረዝ ኮንግረስ ያስፈልጋል። ትራምፕ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ማብቂያ ኒው ዮርክ ላይ በዲቪ የገባ ሰው በመኪና ስምንት ሰዎችን ከገደለ በኋላ ኮንግረስ ዲቪን እንዲያስቀር ጠይቀው ነበር። ኮንግረስ አላስቀረም። እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ፕሬዚዳንቱ ምንም አያመጣም» ሊል ይችላል። እሱም ስህተት ነው። በኤፕሪል 2020 ትራምፕ ኮቪድን ምክንያት አድርገው በፕሬዚዳንታዊ አዋጅ ከውጭ ሀገር ለሚያመለክቱ የሚሰጠውን የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ አገዱ፤ ዲቪም በእገዳው ውስጥ ገባ። እገዳው ተራዘመ። የዲቪ ዕጣ ደግሞ የሚሠራው ለአንድ የበጀት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ዕጣው የወጣላቸው ብዙዎች ቪዛ ሳያገኙ ሴፕቴምበር 30 ደረሰባቸው። ባይደን እገዳውን ያነሱት በፌብሩዋሪ 2021 ነው።

ስለዚህ ደብተሬ ላይ በዚህ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ሁለት መስመር ነው፦ «መሰረዝ፣ ኮንግረስ። ማገድ፣ ፕሬዚዳንቱ ብቻውን።» ይህቺን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ የእማማ ልጅ ቅጹን ይሞላ ነበር።

ሦስተኛም ቢላዋ አለ፤ ፍርድ ቤት። አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው የሚለው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1868 ከጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ትራምፕ ወላጆቹ ሕጋዊ ፈቃድ ለሌላቸው ልጅ ይህን እንደሚያስቀሩ ቃል ገቡ፤ በጃንዋሪ 2025 ሥልጣን በያዙበት ዕለትም ትእዛዙን ፈረሙ። በቀናት ውስጥ ዳኛ አገደው።

የበሬውን ጥርስ እዩ

ባቲ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ሻጩ የሚያወራውን ይሰማል፤ ከዚያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የስድስተኛው ዓምድ ሥራ ይህ ነው።

በእኛ አካባቢ «ዴሞክራቶች ወዳጆቻችን ናቸው» የሚልም፣ «የለም፣ ሪፐብሊካኖች ናቸው» የሚልም አለ። ሁለቱንም ከተሠራው ጋር አስተያዩ። በሴፕቴምበር 2020 የትራምፕ አስተዳደር በግድቡ ድርድር ሳቢያ ለኢትዮጵያ ከሚሰጠው እርዳታ የተወሰነውን አቆመ፤ በቀጣዩ ወር ትራምፕ ራሳቸው ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል ተናገሩ። ባይደን ሲመጡ የእርዳታውን ጉዳይ ከግድቡ ለዩት። ደስ አለን። ከዚያስ? ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እኚያው ባይደን በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የሰብአዊ መብት ጥሰት ጠቅሰው ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጡ። አጎዋ ማለት የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ገበያ እንዲገባ የሚፈቅደው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ነው። ሐምሌ 2009 ለተመረቀው፣ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ ይልካል ለተባለው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላለ ሰው አይነገረውም። ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ከወጣ ገና ወሩ ነበር።

አንዱ በግድቡ ጎዳን፣ ሌላው በንግዱ። የፓርቲ ስም ብቻ ይዞ የሚያወዳድር ሰው ከሁለቱ አንዱን ማየት አይችልም፤ በጉዳይ በጉዳይ የሚጽፍ ግን ሁለቱንም ያያል።

ቃላቸውን ሲቀይሩ

የድሮውንም የአሁኑንም ከነቀኑ ጻፉ፤ አትሰርዙ። ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2019 ድንጋይ ሰንጥቆ ጋዝ የሚያወጣውን ዘዴ አግዳለሁ ብለው በ2024 አላግድም አሉ። ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2020 ቲክቶክን ሊያግዱ ተነሥተው በ2024 ራሳቸው ቲክቶክ ላይ ገቡ፤ አድነዋለሁም አሉ። መለወጥ በራሱ ነውር አይደለም። የምጠይቀው ለውጡን ተከትሎ ዝርዝር ዕቅድ መጣ ወይ የሚለውን ነው።

በተለይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች ይህችን ልብ በሉ። ትራምፕ በጁን 2024 በአንድ ፖድካስት ላይ ከአሜሪካ ኮሌጅ የተመረቀ የውጭ ተማሪ ከዲፕሎማው ጋር ግሪን ካርድ ሊሰጠው ይገባል አሉ። ስንቱ ደስ ብሎት መጣ! ብዙም ሳይቆይ የዘመቻው ቃል አቀባይ ይህ የሚመለከተው በጥብቅ የተጣሩና እጅግ የላቀ ችሎታ ያላቸውን ብቻ ነው ብላ አጠበበችው። በቃለ መጠይቅ ከአፍ ያመለጠና በሰነድ የተጻፈ በአንድ ቀለም አይጻፉ፤ እኔ የመጀመሪያውን በእርሳስ፣ ሁለተኛውን በስክሪፕቶ ነው የምጽፈው።

ምርጫው ካለቀ በኋላም ደብተሩን አትጣሉት። የጉርሻው ቃል በጁላይ 2025 ሕግ ሆነ፤ ሕጉ ውስጥ የገባው ግን «ምንም ግብር የለም» ሳይሆን እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ተቀናሽ ነው፤ እሱም እስከ እ.ኤ.አ. 2028 ብቻ።

ለራሳችን ምርጫ

ይህንኑ ደብተር ለሀገራችን ምርጫ መጠቀም የሚፈልግ አንድ ነገር ማስተካከል አለበት። እኛ ፕሬዚዳንት በቀጥታ አንመርጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። የአስፈጻሚው ሥልጣን ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው፤ እሱም የሚወጣው በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ካገኘው ወገን ነው። ስለዚህ በእጩዎቹ ዓምድ ውስጥ በምርጫ ክልላችሁ የሚወዳደሩትን ፓርቲዎችና ግለሰቦች ጻፉ። «የሚወስነው ማን ነው?» የሚለውን ደግሞ በፌዴራል፣ በክልልና በወረዳ ከፍላችሁ ሙሉት። የመሬት አጠቃቀምን የሚመለከተው ሕግ በፌዴራል ይወጣል፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው «ለሰፈራችሁ መሬት አስፈቅዳለሁ» ካላችሁ በእርሳስ ጻፉት።

በ2017 ጥቅምት እማማ እንደገና መጡ፤ አሁን ለትንሿ ልጃቸው። ወንበሩ ላይ አስቀምጫት ፀጉሯን ከጆሮዋ ስትመልስ፣ እማማ ያንኑ የድሮ ጥያቄ ጠየቁኝ። ደብተሩን አውጥቼ የዲቪውን መስመር ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላቸው። ኮንግረሱን፣ አዋጁን፣ የ2020ውን እገዳ ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና «ስለዚህ ሊቀርም ላይቀርም ይችላል ነው የምትለኝ?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ሙላው» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ።