ተራራ ስትወጡ አንድ ባዶ ሃይላንድ ያዙ

እንጦጦም ሆነ መናገሻ ሱባ ወይ ወንጪ ለምትወጡ አንዲት ነገር ልንገራችሁ። አፈ ሰፊ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቦርሳችሁ ውስጥ ጣል አድርጉ። የከረሜላ ልጣጭ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ ያገለገለ ሶፍት፣ ለሚያጨስም የሲጋራ ቁራጭ፣ ሁሉንም እዚያ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ክዳኑን ጥርቅም ነው። ፌስታል ይቀደዳል፣ ንፋስም ይወስደዋል፤ ጠርሙስ ግን አያፈስም፣ አይሸትም፣ ቤት ስትደርሱ በአንዴ ትገላገሉታላችሁ።

ከዚህም የሚሻለው ቆሻሻውን ከቤት ይዞ አለመውጣት ነው። የታሸገ ብስኩት ከመደርደር ቆሎና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሩ። ውሃም በየግማሽ ሊትሩ ከመግዛት በትልቁ ሞልታችሁ ያዙ (ትንንሾቹ ናቸው መንገድ ላይ የሚቀሩት፣ አይታችሁ ከሆነ)።

"የሙዝ ልጣጭ እኮ ይበሰብሳል" የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ይበሰብሳል፣ ግን ብርዱ በበረታበት ከፍታ ላይ በጣም ይዘገያል፣ እስከዚያ ከኋላ የሚመጣው ሰው እያየው ነው የሚያልፈው። ሰሜን ተራሮች ላይማ ጭላዳ አለ፣ ምግቡ በአብዛኛው ሳር ነው፤ የሰው ትራፊ አታስለምዱት፣ ልጣጩንም ይዛችሁ ውረዱ።

"እዚሁ እናቃጥለው" የሚል ጓደኛ ካላችሁ ክብሪቱን ቀሙት። በበጋ የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል አንዴ ከተያያዘ የሚያቆመው የለም። ክረምት ላይ ደግሞ እንጦጦ የተጣለ ፕላስቲክ በጎርፍ ተጠርጎ ቁልቁል የአዲስ አበባ ወንዞች ውስጥ ይገባል፣ ማለትም ወደ እኛው ሰፈር።