የኩላሊቱ የጨረር መጠን ለምን አንሶ ወጣ?

ሉተቲየም-177 (ካንሰርን ከሰውነት ውስጥ ሆኖ የሚያክም ጨረር አመንጪ መድኃኒት) ለተሰጠው ቀጭን ታካሚ ሶፍትዌሩ ያሰላው የኩላሊት የጨረር መጠን አንሶ ታየኝ። ምስሎቹንና የተወሰዱበትን ሰዓት ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። ችግሩ ሶፍትዌሩ በታካሚው ምትክ የሚያሰላበት መደበኛ የሰውነት ሞዴል ላይ ነበር። የሞዴሉ ጎልማሳ ወንድ 73 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩላሊቶቹ 310 ግራም ይመዝናሉ። የታካሚውን ኩላሊቶች በሲቲ ስካን ምስሉ ላይ ዙሪያቸውን አስምሬ ስለካቸው 200 ሚሊ ሊትር፣ በክብደት ወደ 210 ግራም ሆኑ።

የሉተቲየም ቤታ ቅንጣቶች (ከአቶሙ የሚወጡ ፈጣን ኤሌክትሮኖች) በሰውነት ውስጥ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይርቁ ጉልበታቸው ከሞላ ጎደል እዚያው ኩላሊት ውስጥ ይቀራል። ያው ጉልበት ለትንሽ ክብደት ሲካፈል መጠኑ ይጨምራል። ስለዚህ የቤታውን ድርሻ በ310/210 አባዛሁት፤ 1.48 እጥፍ! (ሉተቲየም የሚያመነጨው ሌላው ጨረር፣ ጋማው፣ በዚህ ቀጥተኛ ስሌት አይሄድም፤ ድርሻው ግን ትንሽ ነው።) ብዙ ሐኪሞች ለኩላሊት የሚጠነቀቁበት ጣሪያ 23 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት የሚቀሩትን የሕክምና ዙሮች ሊቀንስ ይችላል። የኩላሊት ክብደት ሳይለካ የወጣ ቁጥር ለሐኪም ባይሰጥ እመርጣለሁ።