የፒኤችዲ ኮርሶቻችሁን ከመኸር ወደ ኋላ ቁጠሩ

አሜሪካ ለግብርና ኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ስመጣ ዕቅዴን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሬ ወደ ፊት ደረደርኩት። አንደኛ ዓመት ኮር (መሠረታዊ) ኮርሶች፣ ሁለተኛ ዓመት ፊልድ (የልዩ ዘርፍ) ኮርሶች፣ ከዚያ በሰመር ዕረፍት አገር ቤት ሄዶ ዳታ መሰብሰብ። አማካሪዬም ጥሩ ነው አለኝ።

ግን እነሱ ሰመር የሚሉት የእኛ ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ጎጃም ስደርስ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ገበሬው ጤፍ ሊዘራ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል። ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ መጠይቅ ከየት ጊዜ ያምጣ? ስለ ምርትም ብጠይቅ መልሱ ያለፈው ዓመት ትዝታ ነው። አንድ አባት “ልጄ፣ በጥር ብትመጪ ኖሮ በቁና ሰፍሬ እነግርሽ ነበር” አሉኝ።

ስለዚህ እናንተ ከጥር ተነሱ። ያኔ የመኸር ሰብል በአብዛኛው ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ መንገዱም ደርቋል። ስፕሪንግ የሚሉት ሁለተኛው ሴሚስተር የሚጀምረውም በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ የሦስተኛ ዓመት ስፕሪንጋችሁን ከኮርስ ነጻ አድርጉት። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ከጉዞው በፊት ባለው ፎል (የመጀመሪያው ሴሚስተር) ፕሮፖዛላችሁ መጽደቅ አለበት። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድም ፈቃድ መስጠት አለበት። ያለ እሱ አንድም ሰው መጠየቅ አይቻልም። ቦርዱ መጠይቁን ራሱን ስለሚያይ የናሙና አወጣጥና የመጠይቅ ዝግጅት ኮርስ ካለ ሁለተኛ ዓመት ላይ ውሰዱት። እኔ ከጉዞ በኋላ ነው የወሰድኩት። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የመጠይቄን ስህተት አንድ በአንድ ስሰማ በጣም አዘንኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ብዙ አያነጋግርም። ማይክሮ፣ ማክሮ፣ ኢኮኖሜትሪክስ፣ ከዚያ ፕሪሊም የሚባለው ማለፊያ ፈተና። በዚህ ዓመት ሌላ ከባድ ኮርስ አትደርቡ።

ምርጫ ያለው ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። አንዳንድ ፊልድ ኮርሶች በየሁለት ዓመቱ ብቻ ይሰጣሉ። የፓነል ዳታ፣ ማለትም ያንኑ ሰው ወይም ቤተሰብ በተለያየ ጊዜ የሚከታተል ዳታ፣ ኮርስ እኛ ጋ እንደዚያ ነበር። ሳላውቅ አንዴ አለፈኝና የሚቀጥለው ዙር እስኪደርስ ጠበቅኩ። የዲፓርትመንቱን ጸሐፊ ያለፉትን አራት ዓመታት የኮርስ ዝርዝር ጠይቋት። የትኛው ኮርስ በስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ከዚያ ላይ ይታያል። መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ለምርምር ዕረፍት ይወጣ እንደሆነም ራሱን ጠይቁት።

የኮርስ ማጠቃለያ ወረቀት ስትጽፉ ሁልጊዜ ወደ ራሳችሁ ርዕስ ጎትቱት። የኢትዮጵያ ሶሺዮኢኮኖሚክ ሰርቬይ ዳታ በነጻ ይገኛል። የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2011/12፣ የ2013/14 እና የ2015/16 ዙሮች ተመሳሳይ ቤተሰቦችን ይከተላሉ። የ2018/19ኙ ግን አዲስ ናሙና ነው፣ ከፊተኞቹ ጋር ቤተሰብ በቤተሰብ አይያያዝም። የፓነል ኮርስ ላይ በዚህ ዳታ ብትሠሩ ምን እንደሚጎድለው ታያላችሁ። የራሳችሁ መጠይቅ የሚወለደው ከዚያ ጉድለት ነው። የሰርቬዩ ጠያቂዎችም ገበሬውን ከዘር በኋላ አንዴ፣ ከአዝመራ በኋላ አንዴ ነው የሚጠይቁት። ይህን ቀድሜ ልብ ብል ኖሮ በሐምሌ አልሄድም ነበር።

ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ፣ ትኬት ሳትቆርጡ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን አነጋግሩ። በጉዞው ሴሚስተር የዲሰርቴሽን (የመመረቂያ ጥናት) ክሬዲት መመዝገብ ያስፈልጋችሁ ይሆናል። ከአምስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየት ደግሞ የተማሪነት ስታተሳችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

የቃለ መጠይቅ ቀናችሁን ስታወጡ የበዓል መቁጠሪያ ከፊታችሁ አስቀምጡ። ኦርቶዶክስ በሚበዛበት ገጠር ወር በገባ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም ገበሬው አያርስም፣ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ይገኛል። በሁለተኛው ጉዞዬ እኒያን አባት ያገኘኋቸው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ጎተራቸውን ከፍተው፣ ቁናውን አውጥተው እየሰፈሩ ነገሩኝ።