ልጅዎና የአየር ጠመንጃ፦ በእንግሊዝና በዌልስ ሕጉ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

በእንግሊዝና በዌልስ ኃይሉ ከ12 ፉት-ፓውንድ (16 ጁል ገደማ) የማይበልጥ ተራ የአየር ጠመንጃ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ጠመንጃውንም ሆነ ጥይቱን መግዛት፣ መከራየት ወይም በስጦታ መቀበል አይችልም። ለገና ጠቅልሎ የሰጠ ሰው ራሱ ይጠየቃል። የሚያዋጣው ወላጅ ገዝቶ፣ ንብረቱን የራሱ አድርጎ ማዋስ ነው።

ልጁ 14 ካልሞላው ባለቤቱ በፈቀደው የግል ቦታ፣ 21 ዓመት የሞላው ሰው እየተቆጣጠረው ብቻ ይተኩሳል። የ19 ዓመት ወንድም አይበቃም! ከ14 እስከ 17 ያለ ልጅ ግን በተዋሰው ጠመንጃ በግል ቦታ ብቻውን መተኮስ ይችላል። መንገድ ላይ ይዞ ለመውጣት 21 የሞላው ሰው አብሮት መሆን፣ በቂ ምክንያትም መኖር አለበት። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ በማኅደሩ ውስጥ ይጓዝ።

ጓሮ ውስጥ ዋናው ጣጣ አጥሩ ነው። ጎረቤት ሳይፈቅድ ጥይት ድንበር ከተሻገረ፣ ማንንም ባይመታ እንኳ ወንጀል ነው፤ ከ14 በታች ላለ ልጅ ተቆጣጣሪውም ይጠየቃል። ስለዚህ ከዒላማው ኋላ ጥይት የሚይዝ ሣጥን ያድርጉ። ድንጋይና ጠንካራ እንጨት ጥይቱን መልሰው ያነጥራሉ።

ከ2011 ጀምሮ ጠመንጃውን ልጆች እንዳያገኙት መጠንቀቅም ግዴታ ነው፤ ቆልፈው ያስቀምጡ፣ ጥይቱን ለብቻው። ስኮትላንድ ውስጥ ግን ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ድንበር ከመሻገርዎ በፊት የዚያን ሕግ ይዩ።