ስፔር ዲስኮቹ የማን ናቸው?

ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚመራ ክፍል) ያለው ስቶሬጅ (የዳታ ማከማቻ) የምታስተዳድሩ፣ አንድ ነገር ዛሬውኑ እዩ። እንደ ኔትአፕ ባሉ የስቶሬጅ ሲስተሞች እያንዳንዱ ዲስክ ባለቤት የሆነ ኮንትሮለር አለው። የአንደኛው ኮንትሮለር ዲስክ ሲሞት፣ በሁለተኛው ስም ያለው ስፔር (ተሰክቶ የሚጠብቅ መጠባበቂያ ዲስክ) አይደርስለትም። "4 ስፔር አለን" ብላችሁ ተረጋግታችሁ ትተኛላችሁ፤ አራቱም ግን አንድ ወገን ተከማችተው ይሆናል። ሁለት አይሱዙ ተከታትሎ ወጥቶ ስኮርታው በሙሉ አንዱ ላይ እንደተቆለፈ ማለት ነው።

መላው ቀላል ነው። ከበዛበት ኮንትሮለር የስፔሩን ባለቤትነት አንሱና ለሌላው ስጡ። ዳታ ስለሌለበት ሥራ አይቋረጥም። ለየወገኑ ቢያንስ አንድ፣ ከተቻለ ሁለት ይኑር። ኤስኤስዲን (የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ) የሚተካው ኤስኤስዲ ነው፤ መጠኑም ከሞተው ማነስ የለበትም። ቢበልጥ ይሠራል፣ ትርፉ ቦታ ግን ይባክናል።

ለኛ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች ይሄ ቅንጦት አይደለም። ምትክ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስፔሩ በቦታው ካለ ግን ዲስኩ ገና መንገድ ላይ ሳለ ሪቢልዱ (የሞተውን ዲስክ ዳታ ስፔሩ ላይ መልሶ መገንባት) በራሱ ይጀምራል። አዲሱን ስትሰኩም በማን ስም እንደተመዘገበ እንደገና እዩ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘነጋል።

ስፔሩ ለሁለቱም የጋራ በሆነበት ስቶሬጅ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ደግሞ ከማዘዋወራችሁ በፊት ዲስኩ በእርግጥ ስፔር መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ። በሥራ ላይ ያለውን እንዳትነኩ!